ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ

የተከበራችሁ የእዣ አባቶችና እናቶች፣ ከአዲስ አበባ፣ ከወልቂጤና ከቡታጅራ ለመስቀል አገር ቤት የገባችሁ ወንድሞችና እኅቶች፦

«የስፖርት መምህር ንግግር ያደርጋል» ተብላችሁ ስትጠሩ፣ ስለ ስብና ስለ ስኳር በሽታ ሊያስፈራራን ነው ያላችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። ክትፎው ገና ከጉሮሮ ሳይወርድ እንዲህ ያለ ነገር ማንሳት ግፍ ነውና ትቼዋለሁ። የማወራችሁ ስለ ለቅሶ ነው። የስፖርት መምህርን ከለቅሶ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ትንሽ ታገሱኝ፣ እደርስበታለሁ።

እኛ ለቅሶ እናውቅበታለን። መርዶ በጎህ ይነገራል፤ ነጋሪዎቹ ሽማግሌ ይዘው፣ የሚደግፍ ጎረቤት አስከትለው ይሄዳሉ። ጡሩምባው ይነፋል፣ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ የጎረቤት ሴቶች እዝን ይዘው ይገባሉ። ማታ ማታ ወንዶቹ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ እየተጫወቱ ያነጋሉ፤ ጨዋታው አጓጉቷቸው ሳይሆን ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር ብለው ነው። አንድ ሰው ከአገር ርቆ የሞተ እንደሆነ ዘመድ መኪና ተከራይቶ፣ አስከሬኑን ይዞ፣ ሌሊቱን ተጉዞ አገር ቤት ይገባል። እድርን ያጠኑ ምሁራን ስለ አመጣጡ ሲጽፉ አዲስ አበባ የገባውን የጉራጌ ተወላጅ ሳያነሱ የሚያልፉት ጥቂት ናቸው። ያስኬዳል፤ ከቀዬው ርቆ የሚኖር ሰው ሌሊት ሲነቃ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው «ማን ይቀብረኛል?» የሚለው ነውና።

ታዲያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሐዘን የሚከፋው በየትኛው ቀን ነው? እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ ወይም ወላጅ ያልቀበረ ብዙ ሰው ስለማይኖር መልሱን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የቀብሩ ቀን አይደለም። ያን ቀን ሰው ራሱን አያውቅም፤ የሚይዘው ክንድም ሞልቷል። የሚከፋው ድንኳኑ ሲነሳ ነው። የእድሩ ሰዎች መጥተው አግዳሚውን ይቆጥራሉ፣ ሳህኑን ይቆጥራሉ፣ አንድ ብርጭቆ ጎድሎ ትንሽ ይነታረካሉ፣ ጋሪ ላይ ጭነው ይሄዳሉ። የአዲስ አበባው ዘመድ ሱቁን ዘግቶ ስንት ቀን ይቀመጣል? ይመለሳል። ሐዘንተኛው ድንኳኑ የቆመበትን የተረገጠ ሣር እያየ ይቀራል። አርባው ሲደርስ ሰው ለአንድ ቀን ይመጣለታል፤ ለሙት ዓመቱም እንዲሁ። ሙስሊሙ ወገናችንም ሦስቱ የተዕዚያ ቀናት ካለፉለት በኋላ ያው ነው። በመሀል ያሉት ሦስት መቶ ምናምን ቀናት የማን ናቸው? በየትኛውም እድር መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ እስካሁን አላገኘኋቸውም።

ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የሚባሉ በኔዘርላንድ የሚያስተምሩ ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ሐሳብ አለ። ከእነሱ በፊት ብዙዎች ሐዘንን እንደ ደረጃ ያዩት ነበር፤ አንዱን ወጥተህ ሌላውን ትረግጣለህ፣ በመጨረሻ ትገላገላለህ ይሉ ነበር። እነዚህ ግን አይደለም አሉ፤ ያዘነ ሰው ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። አንድ ጊዜ ወደ ሟቹ ዞሮ ያለቅሳል፣ ፎቶ ያያል፣ የቀረ ልብሱን ያሸታል። ሌላ ጊዜ ፊቱን ወደ ኑሮው መልሶ ልጆቹን ያበላል፣ ሟቹ ይሠራው የነበረውን ሥራ ይለምዳል፣ አዲስ ሰው ይተዋወቃል። ሁለቱም ያስፈልጉታል። የሚጎዳው አንደኛው ላይ ተቸንክሮ መቅረቱ ነው፤ ሁልጊዜ ማልቀስም ሆነ ከነጭራሹ አለማልቀስ። ድንኳን ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት አባቶቻችን ይህን ከማንም መጽሐፍ አልተማሩትም። ከሙሾው መሀል አንዱ ቀልደኛ ተነስቶ ሟቹ በደህናው ቀን የሠራውን ጉድ ሲያወራ፣ ሐዘንተኛዋ ራሷ ሳቅ ያመልጣታል፤ ከዚያ መልሳ ታለቅሳለች። ልማዳችን መመላለሻውን አበጅቶት ነበር ማለት ነው። ችግሩ አግዳሚው ሲጫን አብሮ መጫኑ ነው።

በነገራችን ላይ አብዛኛው ሰው ጊዜ ይውሰድ እንጂ ይነሳል። የማይነሳም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ፣ ከ6 ወር በላይ ሳይላላ የቆየንና ሰውን ከሥራውና ከወገኑ የለየን ሐዘን ሕክምና ከሚሹት ሕመሞች ጋር መድቦታል። እንዲህ ያለውን ሰው ኳስና ሩጫ ያድነዋል ብዬ አልዋሽም፤ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። እኔ የምናገረው ስለ ቀሪዎቻችን ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። የአዲስ አበባ ነዋሪዎች «ጤና ቡድን» የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ቅዳሜና እሑድ ማለዳ በየሰፈሩ ሜዳ፣ ሆዳቸው ቀደም ቀደም ያለ፣ ፀጉራቸው ወደ ኋላ የሸሸ ሰዎች መለያ ለብሰው ኳስ ያሳድዳሉ። ሹፌሩ፣ ባለሱቁ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ጡረታ የወጣው መቶ አለቃ አንድ ላይ ናቸው። ሊቀ መንበር አላቸው፣ ገንዘብ ያዥ አላቸው፣ ወርኃዊ መዋጮ አላቸው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅጣት አላቸው። ያረፈደ ይከፍላል፣ ሳያስፈቅድ የቀረ ይከፍላል፣ ዳኛ የተሳደበ ይከፍላል። ሲያበቁ ሻይ ቤት ይገባሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጨዋታው ይልቅ ሻዩ ይረዝማል። አባል ሲድር አብረው ያጅባሉ፣ ሲታመም ይጠይቃሉ፣ ሲያዝን መለያቸውን አውልቀው ጋቢ ደርበው ለቅሶ ይደርሳሉ። ማኅተሙ ላይ የስፖርት ማኅበር ይበል እንጂ ኳስ የሚጫወት እድር ነው።

ግን አንድ ልዩነት አለ። እድር የሚጠራን ሰው ሲሞት ነው። ጤና ቡድን የሚጠራን ቅዳሜ ስለሆነ ነው።

እኔ በምጫወትበት ቡድን ዕድሜያቸው ሃምሳውን ያለፈ አንድ ሰው አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም። ባለቤታቸው ሞቱባቸው። ቀብሩ ላይ ሁላችንም ነበርን። ከዚያ ጠፉ። ሲደወልላቸው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ይዘጋሉ። ከአርባው በኋላ አንድ ማለዳ ከጎሉ ጀርባ ቆመው አየናቸው፤ ጥቁር ኮት ለብሰው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው። ሰላም አልናቸውና ወደ ጨዋታችን ተመለስን። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጥተው እዚያው ቆሙ። ሌላ ቅዳሜ ላይ፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል፣ አንድ ቀን ታምሞ የማያውቀው በረኛችን ጉልበቱን ይዞ «እኔስ ዛሬ አልችልም» አለ። አምበሉ ወደ እሳቸው ዞሮ፣ «ጋሼ፣ በረኛ የለንም» ብሎ ጓንቱን ወረወረላቸው። ሰውየው ወደ ቀኝ አዩ፣ ወደ ግራ አዩ፣ ኮታቸውን አውልቀው አጣጥፈው ሣሩ ላይ አስቀመጡ፣ በቆዳ ጫማቸው ገቡ። አምስት ገባባቸው። ከአምስቱ ሦስቱን ሕፃን ልጅ ያድናቸው ነበር።

ሻይ ላይ ገንዘብ ያዡ ደብተሩን ገለጠና፣ ሳይስቅ፣ «ጋሼ፣ የቀሪ ቅጣት አለብዎ» አላቸው። ሁላችንም ክው አልን። ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው ብለን ስናፍርለት ሰውየው ሳቁ። ከዚያም ተከራከሩ፤ የሐዘን ፈቃድ በደንቡ ስንት ሳምንት ነው፣ አርባው ድረስ አይደለም ወይ፣ ከአርባው ወዲህ ያለውን ብቻ እከፍላለሁ እያሉ። ግማሹን ከፈሉ፣ ግማሹ ተማረላቸው። የበረኛችን ጉልበት በሳምንቱ ዳነ። እሳቸው ዛሬም ተከላካይ ናቸው፤ ጎበዝ ተከላካይ ናቸው ማለቴ ግን አይደለም።

ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። እቤታቸው የመጣው ሰው ሁሉ «በርቱ»፣ «ለልጆቹ ሲሉ» ይላቸው ነበር፤ እውነት ነው፣ ደግነትም አለበት። ሜዳው ላይ ግን ማንም አላጽናናቸውም። ሥራ ሰጧቸው። ያዘነ ሰው እዝን ይመጣለታል፣ ውኃ ይቀዳለታል፣ ይደገፋል፤ እሱ ግን ለማንም የሚሆን ነገር የለውም፣ በዚህም ከሰው በታች የሆነ ይመስለዋል። «በረኛ የለንም» የሚለው ውሸት አንተ ከሌለህ ይጎድለናል ማለት ነበር። የገንዘብ ያዡ ደብተርም ያንኑ ነው የተናገረው። ቀሪ ተብሎ የተጻፈ ሰው ቦታው አልተሰረዘም።

ሰውነትም የራሱ ድርሻ አለው። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች 12 የዩኒቨርሲቲው ጀልባ ቀዛፊዎችን አንድ ጊዜ ለየብቻ፣ አንድ ጊዜ በቡድን በመለማመጃ መሣሪያ አስቀዘፏቸው። ሲጨርሱ ክንዳቸው ላይ የደም ግፊት መለኪያ አስረው፣ «በቃ አመመኝ» እስኪሉ ድረስ እየነፉ ምን ያህል ሕመም እንደሚችሉ ለኩ። የሠሩት ሥራ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ አብረው በቀዘፉበት ቀን የቻሉት ሕመም ብቻቸውን ከቀዘፉበት በለጠ። ከሌላ ሰው ጋር አንድ ምት ይዞ መንቀሳቀስ አካል ራሱ የሚያመነጨውን ማስታገሻ ያበዛዋል ብለው ገመቱ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ የሰዎቹም ቁጥር ጥቂት ነው፤ ግን የጉራጌ ጭፈራ ለጨፈረ ሰው እንግዳ አይመስለኝም። ብቻውን አንድ ደቂቃ የማይዘለው ሰው፣ ጭብጨባው ሲደምቅ ሌሊቱን ሙሉ ይዘል የለም?

የእኛ አትሌቶችም ይህን አጥብቀው ይይዛሉ። ማይክል ክራውሊ የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ሰብዕ ተመራማሪ አዲስ አበባ ከሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ አሳትሟል። ካስገረሙት ነገሮች አንዱ ብቻውን የሚለማመድ ሯጭ ብቻውን እንደሚበላ ሰው መታየቱ ነው። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ሯጮቹ ተከታትለው፣ የፊተኛውን እግር እየተከተሉ ይሮጣሉ፤ የደከመው ከኋላ ሆኖ በሌላው እግር ይጎተታል።

የቀነኒሳ በቀለን ነገር የማነሳው በዚሁ ምክንያት ነው። ታህሳስ 26 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከእጮኛው ከአለም ተቻለ ጋር ልምምድ ላይ ሳሉ እሷ ወደቀች፤ አልተረፈችም። 18 ዓመቷ ነበር። በ1995 ክረምት በካናዳ ሸርብሩክ፣ በታዳጊ ወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና የ1,500 ሜትር ወርቅ ያጠለቀች ልጅ ነበረች። ጥር 21 ቀን፣ አርባዋ እንኳ ሳይወጣ፣ ቀነኒሳ ቦስተን ውስጥ በቤት ውስጥ የ3,000 ሜትር ውድድር ተሰለፈ። ዙር ቆጠራ ተሳሳተ። የመጨረሻው ዙር መስሎት አስቀድሞ ፈንጥሮ ወጣ፤ አቅሙን ጨርሶ በአየርላንዱ አሊስተር ክራግ ተቀደመ። በየካቲትም በርሚንግሃም ላይ በአገሩ ልጅ በማርቆስ ገነቲ ተሸነፈ። የዓለም ባለክብረ ወሰን ሯጭ ነው፤ ዙር መቁጠር ያቃተው ግን ሐዘን ላይ ያለ ሰው ነው። ቁልፍ እጁ ላይ ይዞ ቁልፍ የሚፈልግ፣ ታክሲ ውስጥ ወራጅ ማለት የሚረሳ ሐዘንተኛ ያየ ሰው ይገባዋል።

ከዚያ መጋቢት 10 እና 11 ደረሰ። በእኛ ቆጠራ ሰማንያዋ ገና አልሞላም። ፈረንሳይ ሴንት ኤቲዬን በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም፣ 4 ኪሎ ሜትሩንም 12 ኪሎ ሜትሩንም፣ በሁለት ቀን ውስጥ አሸነፈ፤ ለአራተኛ ተከታታይ ዓመት። በነሐሴ ሄልሲንኪ ላይ የ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደ፤ በዚያው ወር ብራስልስ ላይ ርቀቱን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጦ ያስመዘገበው ክብረ ወሰን ለ15 ዓመት ሳይደፈር ቆየ። ሐዘኑን በሩጫ አሸነፈው የሚሉ አሉ። እኔ እንዲህ ብዬ ለመናገር አልደፍርም፤ የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ያየ የለም። ልብ የምለው ግን አንድ ነገር ነው። ቦስተን ለራሱ የሚሮጥበት ውድድር ነበር። አገር አቋራጭ ግን የቡድን ነጥብ የሚቆጠርበት ነው፤ አረንጓዴ መለያ የለበሱ ልጆች ከፊትም ከኋላም አሉ፤ ዙሩ ቢጠፋብህ የጓደኛህ እግር አይጠፋብህም።

የተገላቢጦሹንም አይተነዋል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮቪድ ገባ፤ በወሩ መጨረሻ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ድንኳን ቀረ። ለቅሶ በስልክ ሆነ። በዚያው ሰሞን የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ከእናንተ መካከል እዚያ ጭቃ ውስጥ ቲማቲም የሸጣችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም፤ ማንንም ለመውቀስ አይደለም፣ ከተማው መብላት ነበረበት። ግን ጃንሜዳ የስንቱ ጤና ቡድን ሜዳ እንደነበረ የሚያውቅ ያውቀዋል። በአንድ ጊዜ እድሩንም ኳሱንም ያጣ ሰው ነበር። ያን ዓመት ወላጁን ቀብሮ ዛሬም በወጉ አላለቀስኩም የሚል ሰው ስንት ሰምታችኋል?

ዓለም ላይም ከዚህ የሚቀራረብ አለ። ለንደን ውስጥ ቡሺ ፓርክ በሚባል መናፈሻ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ጥቅምት፣ ፖል ሲንተን ሂዊት የሚባል ሰው ጉዳት ደርሶበት መሮጥ ሲያቅተው፣ ሥራም አጥቶ ሆድ ሲብሰው፣ ጓደኞቹን ላለማጣት ሲል በየቅዳሜው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አዘጋጀ። 13 ሰው ሮጠ። ክፍያ የለም፣ ምዝገባ ቀላል፣ መጨረሻ መውጣት አያሳፍርም። ዛሬ «ፓርክረን» ተብሎ በብዙ አገር በየሳምንቱ ይካሄዳል። እኛ ዘንድ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ህዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በ10,000 ሰው ተጀመረ፤ ጀማሪው ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱ አሸነፈው። ከ1996 ጀምሮ የሴቶች 5 ኪሎ ሜትር አለ። ከ2011 ወዲህ ደግሞ «መንገድ ለሰው» እየተባለ አስፋልት ለአንድ ማለዳ ከመኪና ነጻ ሆኖ ማስ ስፖርት ይሠራበታል። ሁሉም ደግ ነው። ነገር ግን በዓመት አንዴ ወይም በወር አንዴ የሚመጣ ነገር፣ የቀረውን ሰው መቅረቱን አያውቅም። ዐሥር ሺህ ሰው መሀል ማን ማንን ይጠይቃል?

ስለዚህ ወደ ቤታችን እንምጣ፤ ወደ ጀፎረ።

ጀፎረ ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው አረዱት ነው። ለአዲስ አበባ ልጆቻችሁ ግን ልንገራቸው፤ በመንደሩ መሀል የሚያልፈው፣ ሣር የለበሰው ሰፊ መንገድ፣ ቤቶቻችን ግራና ቀኝ ፊታቸውን የሰጡት ነው። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም፤ የአባቶች ሥርዓት የጠበቀው የጋራ ሜዳ ነው። ሠርጉ በእሱ ያልፋል፣ ደመራው በእሱ ይበራል፣ ሽማግሌ በእሱ ይቀመጣል፣ ከብቱ ይግጥበታል፣ ልጁ የጨርቅ ኳሱን ያንከባልልበታል፣ ለቅሶውም በእሱ ይለቀሳል። ሌላ አገር ያሉ ከተሞች እንዲህ ያለ ቦታ ለማግኘት ሕንፃ ያፈርሳሉ። እኛ ደግሞ አሁን አሁን ጠርዙን ባሕር ዛፍ እየተከልንበት፣ አጥሩን በየዓመቱ አንዳንድ እርምጃ እየገፋን ነው። ማን እንደሚገፋ ታውቃላችሁ፤ ስም አልጠራም።

«ገበሬ ምን ስፖርት ያስፈልገዋል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር የዋለ፣ ውኃ ተሸክማ ዳገት የወጣች፣ እንሰት ስትፍቅ የዋለች ሴት ምን ሩጫ ያስፈልጋታል? ለጡንቻዋ ምንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እሷ ያን በአንድ ቀን ትጨርሰዋለች። ነገር ግን ባሏ የሞተባት ሴት ያን ሥራ አሁን ብቻዋን ነው የምትሠራው፤ እያንዳንዱ ዶማ የእሱን አለመኖር ያሳስባታል። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ጥቅም የሌለው፣ ለማንም የማይሸጥ፣ ከሰው ጋር ብቻ የሚሠራ እንቅስቃሴ። እናቶቼ ኳስ ይጫወቱ አላልኩም፤ የፈለጉ ይጫወቱ፣ እኔ ዳኛ እሆናለሁ። ከጀፎረው ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለዳ፣ አምስት ስድስት ሆኖ መሄድ ይበቃል። ሴቶች በተራ አንዷ የሌላዋን እንሰት ሲፍቁ ያለውን ጨዋታ ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ የሚጎድለው እግር ማንሳቱ ብቻ ነው።

ትልቁ እንቅፋት ግን ሜዳ አይደለም፣ ጊዜም አይደለም። ምላሳችን ነው። «የባሏ አፈር ሳይደርቅ ስትሮጥ ታየች»፤ «ልጁን ቀብሮ ኳስ ሜዳ ይስቃል»። ከላይ ያነሳኋቸው ጋሼ ከጎል ጀርባ ኮት ለብሰው የቆሙት ይህን ፈርተው እንጂ ኳሱን ጠልተው አልነበረም። አንድ ሰው ጥቁሩን ሳያወልቅ ከሰው ጋር መንቀሳቀስ እንደሚችል፣ ይህም ሟቹን መርሳት እንዳልሆነ የሚፈቅድለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል፤ ሐዘንተኛ ለራሱ መፍቀድ አይችልም። ለዚህ ነው ወጣቶቹን ትቼ ዛሬ እናንተን የእድር ሹማምንትንና ሽማግሌዎችን መለመን የመረጥኩት። ይህ ሕዝብ በ1950ዎቹ በራሱ መዋጮ ማኅበር አቋቁሞ መንገድ ያሠራ ሕዝብ ነው። አንድ አንቀጽ ማስገባት አያቅተውም። አንቀጹ እንዲህ ይሁን፤ አርባው ወይም ተዕዚያው ካለፈ በኋላ እድሩ ለሐዘንተኛው ሁለት ሰው ይመድባል፤ ሁለቱ በሳምንት አንድ ቀን ደጁ ሄደው ይጠሩታል፣ አብረው ወደ ጀፎረው ይወጣሉ፤ ይህም እስከ ሙት ዓመቱ ይቆያል። ካልወጣ በረንዳው ላይ አብረውት ይቀመጡ፣ በሳምንቱ ይመለሱ። የተመደበው ሰው ከቀረ ይቀጣ። ቅጣቱን አደራ፣ ያለ ቅጣት አይሆንም።

አንዳንድ ማስጠንቀቂያ ሳልሰጥ ብወርድ ሙያዬን መበደል ይሆናል። ልብ በሐዘን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የቦስተን ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት፣ የቅርብ ሰው በሞተበት በመጀመሪያው ቀን በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድል ከወትሮው 21 እጥፍ እንደሚደርስ፣ ከዚያም ቀን በቀን እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። ስለዚህ በለቅሶው ሰሞን ማንም እንዳይሮጥ፤ የደም ግፊት መድኃኒቱን በሐዘን ምክንያት ያቋረጠ ካለ ዛሬውኑ ይጀምር፤ ሃምሳን ያለፈ ሰው ኳስ ከመግባቱ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዶ ይታይ። ሁለተኛ፣ ጤና ቡድን ሁሉ ጤና አይደለም። ከጨዋታ በኋላ ሻዩ ወደ ቢራ የተለወጠባቸውን አውቃለሁ፤ አዲስ ሐዘንተኛን ቢራ ጠረጴዛ ላይ ከማስቀመጥ ቤቱ ብቻውን መቅረቱ ይሻላል ያሰኛል። ሻይ ይሁን፤ ከፈለጋችሁ ቡና።

የቀረው ሰዓቱ ነው፤ በዚህ ላይ ከመምጣቴ በፊት ያነጋገርኳቸው ሰዎች አልተስማሙም። ቅዳሜ ማለዳ ያሉ አሉ፤ የቅዳሴና የሰዓታት ነገር ስላለ እሑድ አይሆንም ያሉ አሉ፤ ሙስሊሞቹ ዓርብ ከሰዓት እንዳይነካ ብለዋል፤ አንዲት እናት ደግሞ «ማለዳ ከብት ማን ያወጣል? ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ይሁን» ብለዋል። የእሳቸው ሐሳብ ለእኔ ይሻለኛል፣ ግን ብርድና ጭጋጉን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አሁን መድረኩን ለሊቀ መንበሩ ልመልስና እሱ ላይ ተነጋገሩ። ኳሱን እኔ አመጣለሁ።